ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ የገዛናቸው መዝሙሮችና አፖች የት ይገኛሉ?

ቅዳሜ ማታ ደባርቅ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የመዘምራኑ ላፕቶፕ አልነሳ አለ እንበል። በውስጡ ለእሑድ የተዘጋጁ መዝሙሮች፣ ውጭ አገር ያለች እህት ገዝታ የላከቻቸው አልበሞች፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ የሚለማመድበት ፕሮግራም፣ የጥቂት ዓመታት የስብከት ቅጂዎችም አሉ። ሰኞ ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። እሺ ከማለታችን በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ስላሉ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በኢንተርኔት መደብር ተከፍሎበት የተገኘ መዝሙርም ሆነ አፕ ግዢው የሚመዘገበው በገዢው አካውንት፣ ማለትም በኢሜይሉና በይለፍ ቃሉ ሥር ነው። ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል መዝገቡ አይቃጠልም። በፍላሽ ወይም በሲዲ የገባ መዝሙር ግን አካውንት የለውም፤ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ፎርማት ለዘለቄታው ሊያጠፋብን የሚችለው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

መጀመሪያ ዲስኩን ማዳን

ዊንዶውስ አልነሳም ማለት ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ማለት አይደለም። ባለሙያው ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያያይዘው፣ ወይም ላፕቶፑን በፍላሽ ላይ በተጫነ ሊኑክስ ቢያስነሳው ፋይሎቹን ቀድቶ ማውጣት ይችል ይሆናል። ይህ ከፎርማት ረዘም የሚል ሥራ ስለሆነ ካልጠየቅን ላይሠራልን ይችላል፤ ስለዚህ «በመጀመሪያ ፋይሎቹን ቅዳልን» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ አንዳንድ ላፕቶፖች ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ስለሚሆን ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ይጥፋ፤ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያብሰዋል። ፎርማቱ ቀድሞ ተደርጎ ከሆነም ምንም አዲስ ነገር አይጫንበት። ሬኩቫና ፎቶሬክ የተባሉት ፕሮግራሞች የጠፉ የድምፅ ፋይሎችን ፈልገው ሊያወጡ ይችላሉ። ፎቶሬክ በነጻ የሚገኝ ሲሆን የፋይሎቹን ስም ግን አይመልስም፤ መዝሙሩን አንድ በአንድ እየሰሙ ስሙን እንደገና መጻፍ ነው። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ የጠፋው የመመለስ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ፍላሽ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ድንገት ወደ ሾርትከት ተቀይረው ቢገኙም አይደንግጡ። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም።

በአካውንት ያለው እንዴት ይመለሳል?

በአፕል መደብር የተገዛ መዝሙር በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ በዚያው አካውንት ሲገባ «የተገዙ» ከሚለው ክፍል ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ይወርዳል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የአይቱንስ መደብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት የገዛውን ዘፈን የጣለ ሰው እንደገና ይገዛ ነበር፤ በነጻ ደግሞ ማውረድ የተፈቀደው በ2011 ነው። ከ2009 በፊት የተገዙ ብዙ ፋይሎችም ቁልፍ ያለባቸው ስለሆኑ ፋይሉ ቢገኝ እንኳ ኮምፒዩተሩ በገዢው አካውንት ካልተፈቀደለት አይጫወቱም። አንድ አካውንት የሚፈቅደው ለአምስት ኮምፒዩተሮች ሲሆን የሞተውም ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ቦታው ከሞላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሰረዝ ይቻላል፤ ይህ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሮጌ አይፖድ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ይፈለግ፤ በላዩ ያሉትን የተገዙ ዘፈኖች አይቱንስ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ሊመልሳቸው ይችላል።

በጉግል ፕሌይ የተገዛ አፕም እንዲሁ ነው፤ በዚያው የጂሜይል አድራሻ ሲገባ ሁለተኛ ክፍያ አይጠየቅም። ዩቨርዥን የተባለው የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ነጻ ቢሆንም ያቀለምናቸው ጥቅሶችና የጻፍናቸው ማስታወሻዎች የሚመለሱት በአካውንት ገብተን የምንጠቀምበት ከነበረ ነው።

በእኛ አገር ትልቁ እንቅፋት የሚገጥመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአገር ውስጥ ባንክ ካርድ ለረጅም ጊዜ በውጭ መደብሮች ስለማይሠራ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዘመዱ የገዛለትን ነው። አክስት ከዋሽንግተን በራሷ አካውንት ገዝታበት የላከችው ታብሌት ሲበላሽ አፖቹ የሚመለሱት በአክስት ኢሜይል እንጂ በእኛ አይደለም። እርሷም ያንን ኢሜይል ትታው ሊሆን ይችላል። የአካውንቱ አገር ከተቀየረም የቀድሞው ግዢ ላይታይ ይችላል። በየትኛው አድራሻ እንደተገዛ ካልታወቀ ገዢው በኢሜይሎቹ ውስጥ ደረሰኝ ይፈልግ፤ መደብሮቹ ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ይልካሉ።

ስልክ ቁጥርም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረውና ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ መልካ የነበረው አውታር ክፍያውን ከስልክ ሒሳብ ይቆርጥ ነበር። ጉግልም ማንነታችንን የሚያረጋግጠው ብዙ ጊዜ ወደ ስልክ በሚልከው ኮድ ነው። ሲም ካርድ ቢጠፋ መታወቂያ ይዞ በኢትዮ ቴሌኮም ማስተካት ይቻላል፤ ለረጅም ጊዜ የተተወ ቁጥር ግን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ጉግል በወረቀት ላይ የሚታተሙ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። እያንዳንዱ ስምንት አሃዝ ነው፤ የስልክ መልእክት ባልመጣ ጊዜ በቦታው ይገባል።

መደብሩ ራሱ ሲዘጋስ? ጉግል ፕሌይ ሙዚክ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። እዚያ የገዙ ሰዎች እስከ የካቲት 2021 ድረስ ወደ ዩቲዩብ ሙዚክ እንዲያዛውሩ ወይም እንዲያወርዱ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋ።

ከሰሜን ተራሮች ሥር

ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ዳባትም ሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደባርቅ «አካውንቴ አለልኝ» ብሎ መተማመን አያዋጣም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ የተበላሸበት ሰው የይለፍ ቃሉን በልቡ ቢያውቀውም የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም። ኢንተርኔት ባለበት ጊዜም ቢሆን አንድ ሺህ መዝሙር በጥሩ ጥራት 8 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆን በሞባይል ዳታ ማውረዱ ኪስ ይጎዳል። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባል። ጎንደር ወርዶ ዋይፋይ ባለበት አንድ ጊዜ ማውረድ፣ ወይም ውጭ ያለው ገዢ አውርዶ በሰው እጅ እንዲልክ መጠየቅ ይቀላል። አፕ ግን በፍላሽ ቢመጣም ብዙ ጊዜ አካውንቱን መጠየቁ አይቀርም።

«ቅጂ መያዝ ስርቆት አይደለም ወይ?» የሚሉ ምእመናን አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሕጋዊ ባለቤትም ዋናው ቢጠፋ የሚተካበት አንድ ቅጂ መያዝ ይችላል። ያንኑ አልበም ለመላው መዘምራን በብሉቱዝ ማደል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዘማሪው የሚኖረው ከዚያ ሽያጭ ሊሆን ይችላል።

ቅጂው ያለበት ፍላሽ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ። አንዱ በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው በአንድ አገልጋይ ቤት ይሁን፤ በየሦስት ወሩም ተከፍቶ ይታይ፣ ፍላሽም ሳይታሰብ ይበላሻልና። የኢሜይል አድራሻው፣ የገዢው ስምና የመጠባበቂያ ኮዶቹ በአንድ ወረቀት ተጽፈው ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጡ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀልና ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።