ወድቆ የማይሰበር ስልክ፤ የጥንካሬና የዕድሜ ታሪክ

አንድ መሣሪያ ጠንካራ ነው ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይታሰባሉ። አንደኛው ድንገት የሚደርስበትን ምት፣ ውኃና አቧራ ችሎ ማለፉ ነው። ሁለተኛው በየዕለቱ በሥራ ላይ እየዋለ ለብዙ ዓመታት ማገልገሉ ነው። የመጀመሪያው ጥንካሬ ሲሆን ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሁለቱ በገበያ ቋንቋ ተቀላቅለው እንደ አንድ ቢታዩም በመሐንዲስ ሚዛን ግን የተለያዩ ናቸው። ጥንካሬ በቤተ ሙከራ በጥቂት ቀናት ሊመዘን ይችላል፤ ዕድሜ ግን የሚታወቀው በባለቤቱ እጅ ከቆየ በኋላ ነው። ለከባድ ሥራ ተብለው የተሠሩት ተንቀሳቃሽ ስልኮች ታሪክ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ዘመን

በእጅ በሚያዝ ተንቀሳቃሽ ስልክ የመጀመሪያው ጥሪ የተደረገው ኤፕሪል 3 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን፣ ጥሪውን ያደረገው የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ነበር። ከዚህ ሙከራ የተወለደው ዳይናታክ 8000ኤክስ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ በአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን ተፈቅዶ ለገበያ ሲበቃ ዋጋው 3,995 ዶላር፣ ክብደቱም 800 ግራም ያህል ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሊገዛ የሚችለው ባለጸጋ ነጋዴና የድርጅት ኃላፊ ስለ ነበር የጭቃና የዝናብ ጥያቄ ገና አልተነሣም።

ጥያቄው የተነሣው በ1990ዎቹ ዓመታት ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው ዲጂታል ሥርዓት ተስፋፍቶ የስልኩ መጠን ሲያንስና ዋጋው ሲቀንስ ነው። ያን ጊዜ ግንበኛው፣ የመስመር ሠራተኛው፣ ዓሣ አስጋሪውና ገበሬው የስልክ ባለቤት ሆኑ። የእነዚህ ሰዎች ስልክ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ይወድቃል፣ ከዝናብ ጋር ይውላል፣ በሲሚንቶ አቧራ ይታጠናል። ስለሆነም አምራቾች የስልካቸውን ጥንካሬ በቁጥር የሚገልጹበት መለኪያ አስፈለጋቸው።

መለኪያው ግን አዲስ አልነበረም። በዚህ ረገድ የሚጠቀሱት ሁለት መመዘኛዎች በእጅ የሚያዝ ስልክ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የተጻፉ ናቸው። አንደኛው ሚል-ስታንዳርድ-810 የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መመዘኛ ሲሆን የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1962 ነው። ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ1976 ያወጣውና አይፒ በሚሉ ሁለት ፊደላት የሚታወቀው ነው። ይህ የኋለኛው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሽፋን አቧራንና ውኃን ምን ያህል እንደሚከላከል በሁለት አኀዞች ይገልጻል። ለምሳሌ አይፒ67 ሲባል 6ቱ አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባበት፣ 7ቱ ደግሞ መሣሪያው በ1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢሰጥም ጉዳት እንደማይደርስበት ያመለክታል።

የጦር ሠራዊቱ መመዘኛ የመውደቅ ፈተና ለመሐንዲስ ልዩ ትኩረት የሚስብ ነው። ማንኛውም ሳጥን መሰል ዕቃ 6 ገጾች፣ 12 ጠርዞችና 8 ማዕዘኖች አሉት፤ ድምሩ 26 ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው በ26ቱም አቅጣጫዎች ከ122 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በኮንክሪት ላይ በተነጠፈ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ፕላይውድ ላይ እንዲወድቅ ይደረጋል። ይሁን እንጂ መመዘኛው 26ቱን ውድቀቶች እስከ አምስት ለሚደርሱ ተመሳሳይ ዕቃዎች አከፋፍሎ መፈተንን ይፈቅዳል። በዚህ አኳኋን ፈተናውን ያለፈ እያንዳንዱ ስልክ የወደቀው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ መመዘኛውን አሟልቷል ብሎ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ባለሥልጣን የለም። የትኛው ፈተና እንደሚደረግ የሚመርጠውም ሆነ ፈተናውን የሚያስደርገው አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ነው።

ሁለት የጥንካሬ መንገዶች

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለከባድ ሥራ የታሰቡ ስልኮች በተለያዩ አገሮች በተቀራራቢ ጊዜ ታዩ። ከስዊድን የኤሪክሰን አር310ኤስ፣ ከፊንላንድ የኖኪያ 6250፣ ከጃፓን ደግሞ የካሲዮ ጂዝዋን የመጀመሪያው ሞዴል ይጠቀሳሉ። ካሲዮ ወደዚህ መስክ የገባው ባዶ እጁን አልነበረም። መሐንዲሱ ኪኩኦ ኢቤ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውና በ1983 የወጣው ጂ-ሾክ የተባለው የእጅ ሰዓት በሦስት አሥሮች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ይኸውም ከ10 ሜትር ወድቆ እንዲተርፍ፣ የ10 ባር የውኃ ግፊት እንዲችልና ባትሪው 10 ዓመት እንዲያገለግል ነው። ከሦስቱ ግቦች ሁለቱ ጥንካሬን፣ ሦስተኛው ግን ዕድሜን የሚመለከት መሆኑን ልብ ይሏል። ወደ ስልኩ የተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛውን ያህል ዕድሜ ለስልክ ባትሪ ቃል የገባ አልነበረም።

ጠንካራ ስልክ የሚሠራበት መርሕ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። 133 ግራም የሚመዝን ስልክ ከ122 ሳንቲ ሜትር ሲወድቅ ከመሬት የሚደርሰው በሰከንድ 4.9 ሜትር ያህል ፍጥነት ሲሆን፣ የሚሸከመው ጉልበት 1.6 ጁል ገደማ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ግን በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚቆም ነው። ስልኩ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከቆመ የመሬት ስበትን ከ1,200 ጊዜ በላይ የሚያህል ግፊት ይደርስበታል፤ በጎማ ተደግፎ በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከቆመ ግን ግፊቱ ወደ 250 ጊዜ ገደማ ይወርዳል። በማዕዘኖቹ ላይ የሚታየው ወፍራም ጎማ ተግባሩ ይኸው ነው።

በሕዝብ ዘንድ በጥንካሬው ስም ያገኘው ስልክ ግን ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን በሴፕቴምበር 2000 የወጣውና 126 ሚሊዮን ያህል የተሸጠው ተራው ኖኪያ 3310 መሆኑ አስገራሚ ነው። ይህ ስልክ ውኃ አይከላከልም፤ ለጦር ሠራዊት መመዘኛም አልተሠራም። ክብደቱ ግን 133 ግራም ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ትንሽ ሆኖ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ሲወድቅም ሽፋኑ ወዲያ፣ ባትሪው ወዲህ ይበታተናል፤ በመለያየታቸውም የምቱን ጉልበት ከፊሉን ይወስዳሉ። ባለቤቱ ክፍሎቹን ለቅሞ ይገጣጥማቸውና ሥራውን ይቀጥላል። ሽፋኑ ቢሰነጠቅ፣ ባትሪውም ቢደክም ያለ ጠጋኝ እርዳታ በደቂቃ ውስጥ ሊለወጡ ይችላሉ። እንግዲህ የዚህ ስልክ ዝና የመጣው ፈጽሞ ባለመፍረሱ ሳይሆን በቀላሉ ፈርሶ በቀላሉ በመገጣጠሙ ነው።

በሌላው መንገድ፣ ማለትም ሁሉን ነገር አጥብቆ በመዝጋት፣ ሩቅ ከተጓዙት አንዱ ሶኒም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ2011 ኤክስፒ3300 ፎርስ የተባለው ስልኩ ወደ 25 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ወድቆ በመትረፉ በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ሰፍሯል። ለባለቤቱ ግን ከመዝገቡ ይልቅ የጠቀመው ኩባንያው ለስልኮቹ የሰጠው የሦስት ዓመት ዋስትና ነበር። ምክንያቱም ዋስትናው በአምራቹ ቤተ ሙከራና በሠራተኛው ኪስ መካከል ያለውን ልዩነት ኪሣራ በአምራቹ ላይ አድርጎታል።

መስታወትና ማጣበቂያ

በ2007 አይፎን ከወጣ በኋላ የስልክ ፊት ሙሉ በሙሉ መስታወት ሆነ። መስታወቱ የሚጠነክረው በኬሚካል ነው። በጋለ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ሲነከር ከውስጡ ትንንሾቹ የሶዲየም አየኖች ወጥተው በስፍራቸው ትልልቆቹ የፖታሲየም አየኖች ይገባሉ፤ በዚህም የተነሣ ገጹ እንደ ተጨመቀ ይቀራል። የተጨመቀው ገጽ መሰንጠቅን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ከዚያ ስስ ንብርብር አልፎ የሚገባ ጭረት ካገኘው መስታወቱ መስታወት ነውና ይሰበራል።

ከመስታወቱ ጋር ማጣበቂያው መጣ። ቀድሞ የጠንካራ ስልኮች መለያ የነበረው የውኃ መከላከያ ወደ ተራ ስልኮች የገባው አካላቸው በማጣበቂያ በመታሸጉ ነው። ሆኖም ውኃን የከለከለው ማጣበቂያ ባለቤቱንም ከለከለ። ባትሪ ለመለወጥ ስልኩን ማሞቅ፣ ጀርባውን መፈልቀቅና ማሸጊያውን ማበላሸት ግድ ሆነ። ብዙዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞሉ በኋላ አቅማቸው በግልጽ ስለሚቀንስ፣ የስልኩ አካል እንደ አዲስ ሆኖ ሳለ ልቡ ይደክማል።

ባለቤቶች የሰጡት ምስክርነት

የቤተ ሙከራው ውኃ ንጹሕና የረጋ ነው፤ የሚነከረውም አዲስ ስልክ ነው። የባለቤቱ ውኃ ግን የባሕር ጨው፣ የዋና ገንዳ ክሎሪን ወይም የጭቃ ጎርፍ ሊሆን ይችላል። የማሸጊያው ጎማም በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ የቻርጅ መሰኪያው ክዳን በመከፈትና በመዘጋት ይላላል። ይህ ልዩነት በፍርድ ቤትና በመንግሥት ባለሥልጣናት ፊት የታየባቸው ጊዜያት አሉ።

በ2016 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ለከባድ አያያዝ ተብሎ የተሠራውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ7 አክቲቭ በውኃ ሲፈትን ሁለቱም ናሙናዎች ወደቁ፤ ኩባንያውም የአመራረት ጉድለት አግኝቶ ማስተካከሉን ገለጸ። በ2020 የጣሊያን የገበያ ውድድር ባለሥልጣን በአፕል ላይ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ምክንያቱ ኩባንያው ስልኮቹ ውኃ እንደሚከላከሉ ሲያስተዋውቅ ይህ በቤተ ሙከራ ሁኔታ ብቻ የሚሠራ መሆኑን በበቂ አለመግለጹና በውኃ የተጎዱትን በዋስትና አልሸፍንም ማለቱ ነበር። በ2022 ደግሞ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሳምሰንግን የአገሩን ቅርንጫፍ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ። በማስታወቂያው ስልኮቹ በባሕርና በዋና ገንዳ እንደሚያገለግሉ ታይቶ ነበር፤ ሆኖም እርጥበቱ ሳይደርቅ ቻርጅ ሲደረጉ መሰኪያቸው ሊዝግ ይችል ነበር። ጉዳዩን ለክስ ያቀረበው የሸማቾች ጥበቃ ኮሚሽንም ከባለቤቶች በመቶ የሚቆጠሩ አቤቱታዎች ደርሰውት ነበር። ከነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አምራቾቹ ፈተናውን አላደረጉም የሚል አይደለም፤ ፈተናው የመለሰው ጥያቄና ባለቤቱ የጠየቀው ጥያቄ የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ሳይሰበር የሚሞት ስልክ

ከሁሉ የከፋው አሟሟት ግን ያለ አንዳች ምት የሚመጣው ነው። በጃፓን ካሲዮ ለሠራቸው ጂዝዋን ስልኮች አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ኬዲዲአይ የሦስተኛ ትውልድ መረቡን ማርች 31 ቀን 2022 ዘጋ። በዚያን ቀን ውድቀትን፣ ዝናብንና አቧራን ችለው የኖሩ ቀፎዎች አንድም ጭረት ሳይጨመርባቸው ከመደወል ቦዘኑ። ኩባንያው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2021፣ ለስሙ ሃያኛ ዓመት መታሰቢያ አዲስ ሞዴል ማውጣቱ ባለቤቶች ለነዚህ ስልኮች የነበራቸውን ፍቅር ያሳያል። በአሜሪካም በዚያው በ2022 ዓመት ታላላቆቹ ኩባንያዎች የሦስተኛ ትውልድ መረባቸውን ዘግተዋል።

የአምራቹም ዕድሜ ከስልኩ ዕድሜ ሊያጥር ይችላል። በካተርፒላር ስም ጠንካራ ስልኮችን ያቀርብ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ቡሊት በጃንዋሪ 2024 ሥራውን አቆመ። የአምራቹ በር ሲዘጋ ዋስትናው፣ መለዋወጫውና የሶፍትዌር ጥገናው አደጋ ላይ ይወድቃሉ፤ የጎማው ውፍረት በዚህ ጊዜ የሚያድነው ነገር የለም።

ለዚህ ችግር መልስ ለመስጠት ከተደረጉት ሙከራዎች ዋናው ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። ደንቡ በኅብረቱ ገበያ የሚቀርብ ስማርት ስልክ ያለ ተጨማሪ መከላከያ ቢያንስ 45 ውድቀቶችን እንዲችል ያዛል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቀድሞው የጥንካሬ ፈተና ነው። አዲስ የሆነው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ባትሪው 800 ጊዜ ከተሞላ በኋላ ከመነሻ አቅሙ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲቀረው፣ ሞዴሉ ለገበያ መቅረቡ ካበቃ በኋላ ዋና ዋና መለዋወጫዎች ለ7 ዓመት፣ የሶፍትዌር ማሻሻያዎችም ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲገኙ ያስገድዳል። በዚህ አኳኋን ዕድሜም እንደ ጥንካሬ በቁጥር ተጻፈ።

ጥንካሬና መጠገን አብረው ሊሄዱ አይችሉም የሚለው ክርክርም ማስረጃ የሚያንሰው ነው። በ2022 የወጣው የሳምሰንግ ኤክስከቨር6 ፕሮ የአይፒ68 ደረጃ እያለው ባትሪው በባለቤቱ እጅ የሚወጣና የሚገባ ነው። የሚያስፈልገው በማጣበቂያ ፋንታ በደንብ የታሰበ የጎማ ማሸጊያ ነው።

ለመስክ ሠራተኞች ስልክ የሚገዛ ድርጅት የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጅ፣ ሰነዱን የሚጽፈው መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ አይፒ68ንና ሚል-ስታንዳርድ-810ን ጽፎ ያበቃል። እነዚህ የሚጠሉ አይደሉም፤ ስልኩ በመጀመሪያው ሳምንት እንዳይሰበር ይጠቅማሉ። የማሸጊያው ጎማ ለብቻው ይገዛልን፣ ባትሪው በመስክ በብሎን መፍቻ ብቻ ይለወጣልን፣ ስንቱ ናሙና ስንት ጊዜ ወደቀ፣ ሶፍትዌሩ እስከ የትኛው ዓመት ይጠበቃል፣ ስልኩ የሚሠራባቸው መረቦች በአገሩ እስከ መቼ ይቆያሉ የሚሉት ጥያቄዎች በሰነዱ ካልሰፈሩ ግን መልሳቸው የሚገኘው በሦስተኛው ዓመት፣ መለዋወጫ ከሩቅ አገር በሚጠበቅበት መጋዘን ውስጥ ነው። አምስቱን ጥያቄዎች ለመጻፍ ከአንድ ገጽ በላይ አይፈጅም።