ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር በርካሽ፦ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እወቁ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነገር አለ። ባለ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ባለ 28 ኮር ያገለገለ ዎርክስቴሽን በደህና ዋጋ አግኝታችኋል፤ ይገዛ ወይስ ይቅር? መልሳችን እንደ ሥራችሁ ይለያያል። ለአንዳንዱ ሲሳይ ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ያጠራቀመውን ብር መቅበሪያ።

ለምን ረከሰ?
ትልልቅ ድርጅቶች ሰርቨራቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ። የወጣው ዕቃ በገፍ ገበያ ላይ ይወርዳል። የኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ አንዱ ብቻ ከ1,700 ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ያገለገለው በዓለም ገበያ በጥቂት አስር ዶላር ይገኛል።

1. ለማን ይሆናል?
ተከፋፍሎ የሚሠራ ሥራ ላለው። ብሌንደር ላይ በሲፒዩ ሬንደር ማድረግ፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን በአንዴ ማስነሳት፣ ትልቅ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ። ጌም፣ ፎቶሾፕና አውቶካድ ግን በአብዛኛው የሚፈልጉት የአንድ ኮር ፍጥነት ነው። ከላይ ያልነው ዚዮን ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው የሚሄደው። ባለ 6 ኮሩ ራይዘን 5 5600 እስከ 4.4 ይደርሳል፣ አሠራሩም አዲስ ነው። ለጌም ከሆነ ሁለት አሮጌ ከመግዛት አንድ አዲስ ይሻላል።

2. ቁጥሩን አንብቡ
ኢ5-26 ብሎ የሚጀምረው ጥንድ ሆኖ ይሠራል። ኢ5-16 የሚለው ግን ለብቻው የተሠራ ነው፤ ሁለት ብትገዙም አብረው አይሠሩም። የመጀመሪያው ትውልድና ቪ2 ዲዲአር3 ራም ይወስዳሉ፣ ቪ3 እና ቪ4 ዲዲአር4። ሶኬታቸውም አይገጥምም። ጥንዱ ደግሞ አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁን።

3. ራሙ እንዴት ነው የተሰካው?
እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ የራም ማስገቢያ አለው፣ በአራት መስመርም ያነባል። ስለዚህ 64 ጊጋ ከፈለጋችሁ ሁለት ባለ 32 ከመሰካት ስምንት ባለ 8 መሰካት ፍጥነት ይሰጣል። የሰርቨር ራም ከተራው የዴስክቶፕ ራም ጋር አይቀላቀልም። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከሌለ ደግሞ በሱ በኩል ያሉት ማስገቢያዎች አይሠሩም።

4. ዊንዶውሱስ?
ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዊንዶውስ ሆም የሚያየው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ሁለቱንም ለመጠቀም ፕሮ ያስፈልጋል። እነዚህ ዚዮኖች ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አብቅቷል። ኡቡንቱ በነፃ ሁለቱንም ያሠራል።

5. መብራት
ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ብቻ በጫና ሰዓት 240 ዋት ገደማ ይበላሉ። ግራፊክስ ካርድ ሲጨመርበት ትንሿ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ላትችለው ትችላለች። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሄደ ሬንደር ንጋት ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የናንተ ነው። የዩፒኤሱን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሩት።

6. ሱቁ ውስጥ
አንድ ወዳጃችን ባለ ሁለት ነው ተብሎ የገዛው ማሽን ቤት ሲከፈት ሁለተኛው ሶኬት ባዶ ነበር። ስለዚህ፦
- ክዳኑን አስከፍቱ፣ ሁለት ማቀዝቀዣ በዓይናችሁ እዩ። ኤችፒ ዚ640 ላይ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚቀመጠው በተጨማሪ ቦርድ ላይ ነው፤ እሱም መኖሩን አረጋግጡ።
- ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። የሶኬት ቁጥር 2 ማለት አለበት።
- ሃያ ደቂቃ ያህል ጫና ላይ አቆዩት። ካጠፋ ወይም ከተንተባተበ ተዉት።
- ፓወር ሳፕላዩን ጠይቁ። የዴልና የኤችፒ ዎርክስቴሽኖች የራሳቸውን ቅርጽ ስለሚጠቀሙ፣ ከተቃጠለ ተራው አይገጥምም።

በአጭሩ፣ ሥራችሁ ብዙ ኮር ከፈለገና መብራቱን ከቻላችሁት ግዙ። ካልሆነ ብሩን ለአንድ አዲስ ፕሮሰሰርና ለጥሩ ኤስኤስዲ አውሉት። ሊገዛ የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ሳይከፍል አድርሱለት።