ገበያን ማን ይሞላዋል? ከቀሐ ማዶ እስከ ምርት ገበያ

አዲስ የኦንላይን ገበያ የሚከፍት ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ሻጩ «ገዢ የለበትም» ብሎ ይቀራል፤ ገዢውም «ዕቃ የለበትም» ብሎ ይቀራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ማን ይምጣ?

ጥያቄው ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። ጎንደርን እንይ።

ከአፄ ፋሲል በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በድንኳን ከተማ ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ ገበያውም አብሮ ይነሳል። ፋሲል በ1628 ዓ.ም ገደማ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል መናገሻቸውን ሲተክሉ ግን ትልቁ ገዢ ቋሚ አድራሻ አገኘ። ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱና አድባራቱ በየቀኑ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ። ከስናር በመተማ በኩልም ሆነ ከምፅዋ የሚነሳ ነጋዴ ጭኖ የመጣውን የሚገዛው እንደማያጣ ያውቃል። የመጀመሪያውን ሻጭ የጠራው ይህ እርግጠኝነት ነው።

ሁለተኛው ነገር መንገዱን የሚያውቅና የሚታመን ሰው ነው። የሩቅ ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነባቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ከቀሐ ማዶ የሙስሊሞች ከተማ ቆሞ አይቷል፤ ብዙዎቹም የንጉሡንና የመኳንንቱን ጓዝ በማሰናዳት የሚሠሩ ነበሩ። በሃይማኖት የለያቸው ቤተ መንግሥት በሥራ ሊለያቸው አልቻለም።

ሦስተኛው ቀኑ ነው። ጥቂት ገዢና ጥቂት ሻጭ በሰባት ቀን ከተበተኑ አይገናኙም። በአንድ ቀን ከተሰበሰቡ ገበያ ሆኑ ማለት ነው። «ቅዳሜ ገበያ» የሚለው ስም ይህን ብልሃት እስከ ዛሬ ይዞታል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት ጀመረ። ሐሳቡን ከግብ ያደረሱት ዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን ከዚያ በፊት የእህል ደላሎችን ሥራ ያጠኑ ምሁር ናቸው፤ ነጋዴ ከማያውቀው ሰው ጋር ለመገበያየት ለምን እንደሚፈራ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ መጋዘን፣ የጥራት ደረጃ፣ የዋጋ ሰሌዳና በማግስቱ የሚፈጸም ክፍያ ተዘጋጀ። ሁሉም ተሟላ። የተጠበቀው በቆሎ ግን በሚፈለገው መጠን አልመጣም።

ወንበሩን የሞላው ቡና ነው፤ ቡናንም ያመጣው ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት የቡና ግብይት ወደ ምርት ገበያው እንዲገባ ተደረገ። ሰሊጥም ተከተለ፤ የመተማና የጎንደር መጋዘኖች የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። ከዓመታት በኋላ ሕጉ ሲላላና ላኪዎች ከአምራቹ ጋር በቀጥታ እንዲተሳሰሩ ሲፈቀድ ግን ብዙ ቡና ምርት ገበያውን ትቶ ወጣ።

ይህ ማለት ምርት ገበያው አልሠራም ማለት አይደለም። ገንዘቡን በማግስቱ ያገኘ ሻጭ ጥቅሙን ያውቀዋል። ነገር ግን በግዴታ የመጣ ሰው በሩ ሲከፈት ለመቆየትና ለመሄድ እንደ አዲስ ያሰላል። አዋጅ የመጀመሪያውን ቀን ይሞላል፤ ሁለተኛውን ዓመት የሚሞላው ጥቅምና እምነት ነው።

ጎንደርም ይህን በራሷ ላይ አይታለች። ነገሥታቱ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም፣ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም ከተማዋን ሲመዘብሯት ንግዷ ክፉኛ ተጎዳ። ትልቁ ገዢ ሲጠፋና መንገዱ ሲያስፈራ ነጋዴ አይቆይም።

ዛሬ በስልኩ ገበያ ልክፈት ለሚል ወጣት የምለው ይህን ነው። ከመተግበሪያው በፊት የታወቀ ገዢ ፈልግ፤ አንድ ትልቅ ሆቴል ወይም አንድ የሠራተኞች ማኅበር ይበቃል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በተወሰነ ቀን ጀምር። ዕቃው ካልደረሰ ገንዘቡን የሚመልስ ሰው ስሙና አድራሻው ይታወቅ።

ለመንግሥትም አንድ ቃል፦ ሰሊጥ ጭኖ ከመተማ የሚነሳ ሰው መንገዱ ሰላም ካልሆነ የትኛውም ሰሌዳ ዋጋ ቢያሳየው ምን ይረባዋል?