በመሃል ያለው አስተርጓሚ፦ የሼል ታሪክ

መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ ሰሊጥ ሻጩ አማርኛ ብቻ፣ ገዢው ዓረብኛ ብቻ ቢችሉ ምን ያደርጋሉ? ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በመሃል ያቆማሉ። እሱ ካልተመቻቸው ሌላ ይፈልጋሉ፤ ሰሊጡ ግን ያው ሰሊጥ ነው።

ኮምፒውተራችሁ ውስጥም እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አለ። ሼል ይባላል፤ ቅርፊት ማለት ነው። እናንተ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ፤ እሱ ዲስኩንና ፍላሹን ለሚቆጣጠረው ክፍል፣ ለከርነሉ፣ ያደርስላችኋል።

ስሙን ያወጣለት ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ውስጥ ሲሠራ፣ ትዕዛዞች እንደ ጡብ እየተደረደሩ ሌላ ትዕዛዝ ቢሠራባቸውስ ብሎ አሰበ። ፋይል ውስጥ የተደረደሩ ትዕዛዞችን በተራ የሚያስኬድ «ራንኮም» የተባለ ፕሮግራምም ጻፈ። ሐሳቡ ቀጥሎ መልቲክስ ወደተባለው ሲስተም ተሻገረ፤ በ1965 የመጀመሪያውን የመልቲክስ ሼል የጻፈችው ግሌንዳ ሽሮደር ናት።

በ1971 ደግሞ ኬን ቶምፕሰን የዩኒክስን የመጀመሪያ ሼል አወጣ። በዩኒክስ ሼል ከከርነሉ ውጪ ያለ ተራ ፕሮግራም ነው። በዚያ ላይ ዲስክም ሆነ ቴፕ እንደ ፋይል ይታያል፤ ስለዚህ ፋይል የሚያነብ ትዕዛዝ ዲስክንም ማንበብ ይችላል። ምን ማለት ነው? አስተርጓሚውን ለመቀየር ወይም አዲስ ቃል ለማስተማር ከርነሉን መንካት አያስፈልግም።

ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ባሽ የተባለ ሼል ብራያን ፎክስ በ1989 ለቀቀ። እስቲ እዚህ ላይ ሞክሩት። «ዲኤፍ» የሚባለው ትዕዛዝ (የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው) በዲስክ ላይ የቀረውን ቦታ ያሳያል። «አሊያስ» በሚባለው ትዕዛዝ «ቦታ» የሚል የአማርኛ ስም ልታወጡለት ትችላላችሁ። ከዚያ «ቦታ» ብላችሁ ስትጽፉ ሼሉ ቃሉን በዲኤፍ ይተካዋል፤ ከርነሉ «ቦታ» የሚለውን ስም ሰምቶትም አያውቅ።

ታዲያ የግዕዝ ፊደል እዚያ እንዴት ገባ? በ1992 ያው ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደላት አጻጻፍ ዘዴ ቀረጸ። በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን አካተተ። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰሊጥ» 9 ባይት ነው ማለት ነው። በሊኑክስ የተለመደው የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ፣ በግዕዝ ፊደል ብቻ ከጻፋችሁ 85 ፊደል ትጽፋላችሁ። ከርነሉ ባይቶቹን እንጂ ቋንቋውን አያይም፤ አማርኛ ይሁን ዓረብኛ ለሱ ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጥሩ አስተርጓሚ የተባለውን እንዳለ ያደርሳል፤ ስህተቱንም ጭምር። «ዲዲ» የሚባለው ትዕዛዝ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ይገለብጣል። «ከየት» እና «ወዴት» የሚሉትን ካቀያየራችሁ የዓመት መዝገብ ያለበትን ዲስክ በባዶው ይደመስሰዋል፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎም አይጠይቅም። ስለዚህ የራሳችሁን ትዕዛዝ ስትሠሩ መጀመሪያ በሚያሳዩት ጀምሩ፤ በሚጽፉት ላይ ደግሞ ያን ጥያቄ ራሳችሁ ጨምሩበት። ሼሉን ማስፋፋት ማለት እኮ ይኸው ነው።