ዝናብ፣ ፍሳሽና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች፦ የኒውዮርክ ወደብ ማሳያ

ከኒውዮርክ ከተማ የፍሳሽ መስመር 60 በመቶ ያህሉ የቤት ፍሳሽንና የዝናብ ጎርፍን በአንድ ቧንቧ ይወስዳል። ሰማዩ ሲጠራ ሁሉም ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ዝናቡ ሲበረታ ግን ቧንቧው ከአቅሙ በላይ ይሞላና ያልተጣራው ፍሳሽ ከጎርፉ ጋር ወደብ ውስጥ ይገባል። አብረውትም ከሰው አንጀት የወጡ ባክቴሪያዎችና ከሰውነት የተወገደ የመድኃኒት ቅሪት ይወርዳሉ።

የላሞንት-ዶኸርቲ የምድር ምርምር ማዕከልና የኩዊንስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ውጤት በቁጥር አሳይቷል። ከሀድሰን ወንዝና ከወደቡ ዳርቻ በ10 ቦታዎች ናሙና ወስደው አምፒሲሊንን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ከናሙናዎቹ በ84 በመቶው፣ ቴትራሳይክሊንን የተላመዱትን በ38 በመቶው አግኝተዋል። በላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የፍለሺንግ ወሽመጥ ቀዳሚ ሲሆን፣ በብሩክሊንና በኩዊንስ መካከል የሚገኘው ኒውታውን ክሪክ ይከተለዋል። ከተለዩት መካከል ሰውን ሊያሳምሙ የሚችሉ የሱዶሞናስ፣ የአሲኔቶባክተር፣ የፕሮቲየስና የኤሽሪኪያ ወገኖች ነበሩ።

ይሁንና 84 በመቶው ሁሉ በፍሳሽ አይሳበብም።

መድኃኒት መቋቋም ከመድኃኒት ፋብሪካዎች እጅግ ይቀድማል። በካናዳ ዩኮን ግዛት 30,000 ዓመት በበረዶ ታሽጎ ከኖረ አፈር የወጣ ዘረመል ቴትራሳይክሊንን፣ የፔኒሲሊን ዘሮችንና ቫንኮማይሲንን የሚቋቋሙ ጂኖች ተገኝተውበታል። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ራሳቸው አንቲባዮቲክ ያመርታሉ፤ ጎረቤቶቻቸውም መከላከያውን ያበጃሉ። ስለዚህ በወደብ ውሃ ውስጥ ካሉት ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ መቋቋምን በተፈጥሮ ይዘውት የኖሩ ናቸው። ፍሳሹን ተጠያቂ የሚያደርገው ማስረጃ ሌላ ነው፦ መድኃኒት የተላመዱት በብዛት የተገኙት የዓይነ ምድር ብክለት አመልካች ባክቴሪያዎች በበዙበት ቦታና ከዝናብ በኋላ ነው።

አሳሳቢው ነገር ከፍሳሹ የመጡትና የውሃው ነዋሪ ባክቴሪያዎች መገናኘት ነው። ፕላዝሚድ የተባለው ትንሽ የዘረመል ቀለበት ዝምድና ወደሌለው ባክቴሪያ ሊሻገር ይችላል፤ አንዱ ቀለበት ለበርካታ መድኃኒቶች የሚሆን መከላከያ ሊሸከም ይችላል። የከተማው አንጀት ባክቴሪያና የባሕሩ ነዋሪ በአንድ ደለል ላይ ሲያድሩ ለዚህ ልውውጥ ዕድል ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

ኒውዮርክ ጎርፉን ከቧንቧው የሚያስቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የመንገድ ዳር አትክልት ቦታዎችን ሠርታለች። ይህ ሥራ የመንገድ ማስዋብ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መድኃኒቶቻችንን የማዳን ሥራም ነው። የወደብ ውሃ ሲመረመርም ከዓይነ ምድር ብክለት አመልካች ባክቴሪያዎች ቆጠራ ጎን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በመደበኛነት ሊቆጠሩ ይገባል።