ከፓሪስ የፈረስ ሜዳ እስከ ሰፈራችን ቤቲንግ ቤት

«ስለ ቤቲንግ ለምን አይጽፉም?» የምትሉኝ በርክታችኋል። መምከሩ ብዙም አይሆንልኝም፤ ታሪኩን ግን እነግራችኋለሁ። እስቲ ወደ ፈረስ ውድድር እንሂድ፤ የዛሬው ኩፖን አብዛኛው ብልሃት የተፈለሰፈው እዚያ ነውና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ የፈረስ ሜዳዎች ውርርዱን የሚይዘው አወራራጁ ነበር። «ይህ ፈረስ ካሸነፈ አምስት እጥፍ እከፍላለሁ» ይላል፤ ከተሳሳተ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ አንዳንዱ ያጭበረብራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲከስር ይሰወራል።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ጆሴፍ ኦሌር የሚባል፣ ትውልዱ ከካታሎኒያ የሆነ ሰው ሌላ ሐሳብ አመጣ። የሁሉም ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይግባ፤ አዘጋጁ ድርሻውን ቀድሞ ይቁረጥ፤ የቀረውን ያሸነፈውን ፈረስ የመረጡት እንደየመደቡት ይካፈሉት። ፈረንሳዮች «ፓሪ ሙቱዌል» አሉት፤ የእርስ በርስ ውርርድ ማለት ነው።

በብር እናስላው። ቋቱ ውስጥ 10,000 ብር ገባ እንበል። አዘጋጁ 20 በመቶ ቢቆርጥ 8,000 ይቀራል። ባሸነፈው ፈረስ ላይ የተመደበው 4,000 ብር ከሆነ ለአንድ ብር ሁለት ብር ይደርሳል። 500 ብር ብቻ ከሆነ ደግሞ 16 ብር። ልብ በሉ፣ የትኛውም ፈረስ ቢቀድም አዘጋጁ 2,000 ብሩን ይዞ ወጥቷል! ሰዎቹ እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ እሱ ግን አይጫወትም።

ኦሌር መጀመሪያ በሕገወጥ ቁማር ተከሶ ተፈርዶበት ነበር። በ1891 ግን የፈረንሳይ መንግሥት በሕግ ይህንኑ ዘዴ በፈረስ ሜዳዎች ፈቀደ፤ ከቋቱም ለበጎ አድራጎትና ለፈረስ እርባታ ድርሻ እንዲቆረጥ አደረገ። ሰውየውም በመሃሉ ሥራ አልፈታም፤ ዝነኛውን ሙላን ሩዥ በ1889 ከመሠረቱት አንዱ ነው።

ችግሩ ስሌቱ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ትኬት እየተሸጠ ድምሩን ማን ይከተላል? በአውስትራሊያ ይኖር የነበረው መሐንዲስ ጆርጅ ጁሊየስ ለምርጫ ድምፅ መቁጠሪያ ብሎ ያሰበውን መሣሪያ መንግሥት ሳይቀበለው ሲቀር ወደ ፈረስ ሜዳ አዞረው። በ1913 ኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ በኤለርስሊ ሜዳ ተተከለ። ለዴሞክራሲ የታሰበው ማሽን ለውርርድ ዋለ፤ ታሪክ እንዲህ ትቀልዳለች።

ቁጥሩ በማሽን ሲያዝ የውርርዱን ዓይነት ማብዛት ቀለለ። ቀላሉ «ይህ ፈረስ አንደኛ ይወጣል» ነው። ጥንቃቄ የሚወድ «ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ይሆናል» ይላል፤ ክፍያው ግን ያንሳል። ቀጥሎ አንደኛና ሁለተኛውን መገመት አለ። ከዚያ በጥር 1954 በፈረንሳይ አንድሬ ካሩስ «ቲየርሴ»ን አመጣ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፈረሶች መገመት። በቅደም ተከተል ያገኘ ብዙ ይወስዳል፤ ፈረሶቹን አግኝቶ ቅደም ተከተሉን የሳተም ትንሽ ይደርሰዋል። እሑድ ጠዋት ካፌ ገብቶ ቲየርሴ መቁረጥ የፈረንሳዮች ልማድ ሆነ። በ1989 ደግሞ አምስት ፈረስ የሚያስገምተው «ኬንቴ ፕሉስ» መጣ።

16 ፈረስ ቢሮጥ ሦስቱን በቅደም ተከተል ለመደርደር 3,360 መንገድ አለ። አምስቱን? 524,160! ውርርዱ ሲከብድ ሽልማቱ ይገዝፋል፤ ሰው የሚያየው ሽልማቱን ነው። በአብዛኛው ቦታ ግን በከባዶቹ ውርርዶች ላይ የሚቆረጠው ድርሻም ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የእኛ ቤቲንግ ቤት ኩፖን የቋት ሳይሆን ኦዱ ቀድሞ የተቆረጠ ውርርድ ነው፤ የማብዛቱ ዘዴ ግን ያው ነው። ዕድሉ እኩል በእኩል ለሆነ ግምት ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ 1.90 ቢሰጥ ትንሽ ይመስላል አይደል? አሥር እንዲህ ያለ ግምት ስትደራርቡ ግን በ10 ብር መድረስ የነበረበት 10,240 ብር ሲሆን የሚከፈለው 6,131 ብር ገደማ ነው። አርባ በመቶው በሉት! የቀነሰው ማንም ሳያየው፣ በየጨዋታው ጥቂት ጥቂት እየተቆነጠረ ነው።

«አንድ ጨዋታ ብቻ በላኝ እኮ!» የምትሉትስ? በዚሁ ስሌት አሥሩንም የማግኘት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው፤ ዘጠኙን አግኝቶ አንዱን የመሳት ግን ከ1,024 አሥር። ማለትም አሸናፊ አንድ ከሆነ «ለጥቂት ሳትኩ» ባይ አሥር ነው። ስለዚህ ለጥቂት መሳት የችሎታ ምልክት አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ የሚያመርተው ነገር ነው። በማግስቱ ተመልሳችሁ እንድትመጡ የሚያደርጋችሁም እሱው ነው።

ከኦሌር ጀምሮ የውርርድ ዓይነት ሲጨመር ሁሌ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ አደጋውን የተሸከመው ማን ነው? ፈረሱም ኳሱም ይቀያየራል፤ መልሱ ግን ብዙም ሲቀየር አላየሁም። ኩፖን ለሚቆርጥ ወንድማችሁ ሳትቆጡ ስሌቱን አሳዩት።

ቸር ሰንብቱ።