«ክረምት የሚችለው» እንጆሪና የደጋው ውርጭ

የሕግ ሰው ውል ሲያነብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቃሉን ትርጉም ነው። የእንጆሪ ችግኝ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ቢያደርግ ከኪሳራ ይድናል።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። በጎንደር ደጋ እንጆሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በአጥር ጥግ የሚበቅለውን እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። በኬክ ቤት የምናውቀው፣ ስትሮቤሪ የሚባለው ግን ሌላ ተክል ነው። እሾህ የለውም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በሐረጉ ይራባል። የተገኘውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን አሜሪካና የቺሊ ዝርያዎች አውሮፓ ውስጥ ተዳቅለው ነው።

ብርድ በመቻል ስም ካተረፉት ዝርያዎች አንዱ «ፎርት ላራሚ» ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ከዋዮሚንግ ግዛት ያወጣው ሲሆን፣ ፍሬው ትልቅና ጥሩ መዓዛ ያለው ነው፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያፈራል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚወርድ ክረምት ያልፋል ይባልለታል።

የቃሉ ትርጉም የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፤ ተክሉ እድገቱን አቁሞ፣ ተኝቶ ያሳልፈዋል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ውርጩ የሚመጣው በበጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ ተክሉ አብቦ ሳለ ነው። የተኛ ተክል የሚችለውን ብርድ የፈካ አበባ አይችለውም። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የአበባው መሃል ጠቁሮ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል።

ከፒያሳ ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ናቸው። በከተማው ዋናው ጠላት የክረምቱ ዝናብ የሚያመጣው ሻጋታ ነው፤ ደባርቅ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጨመርበታል።

የቀኑ ርዝመት ግን ለሁለቱም ይመቻል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለማበብ ከ14 ሰዓት ያነሰ ቀን ይሻሉ፤ በጎንደር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ አበባ ማግኘት አይቸግርም፤ የሚቸግረው አበባውን ማትረፍ ነው።

ለዚህም መደቡን ከፍ አድርጎ ውኃ በማይቋጥር አፈር መትከል፣ የተክሉን አንገት አለመቅበር፣ ፍሬው አፈር እንዳይነካ ጭድ ማንጠፍ፣ በውርጭ ሌሊት ተክሉን አልብሶ ጠዋት መግለጥ ያስፈልጋል። አበባው ከተረፈ በአንድ ወር ገደማ ፍሬው ይቀላል።

ሻጩ «ብርድ ይችላል» ሲል፣ ገዢው «ተኝቶ ነው ወይስ አብቦ?» ብሎ ይጠይቅ።